ፉርጎው ስንት ቀን ቆመ? ለኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር አክሲዮን ማኅበር ሥራ አመራር
እንዲሁም ከለቡ እስከ ናጋድ ላላችሁ ሠራተኞች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በሠራተኞች ስብሰባችሁ ላይ አፈጻጸማችሁና ዕቅዳችሁ ስለሚለካበት ቁጥር

ጤና ይስጥልኝ፤

እኔ የመሥሪያ ቤታችሁ ሠራተኛ አይደለሁም። ዕድሜዬን የፈጀሁት በትራንዚተርነት ነው። የሰው ዕቃ ከወደብ ወጥቶ መጋዘን እስኪገባ ድረስ ሰነድ ይዞ መሮጥ ነው ሥራዬ። በሌላ ቤት የሠራተኞች ስብሰባ ምን ጥልቅ አደረገህ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። ከአክሲዮኑ 75 በመቶው የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶው የጅቡቲ ነው። መስመሩ የተሠራበት ገንዘብም አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተበደርነው ነው፤ ዕዳው የአገር ነው። ስለዚህ የሰው ቤት ገባሁ ብዬ አላፍርም።

የአፈጻጸም ግምገማ ስብሰባ በየመሥሪያ ቤቱ እንዴት እንደሚካሄድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከመድረኩ ጀርባ ባነር ይሰቀላል። ዕቅድ፣ ክንውን፣ በመቶኛ የሚል ሠንጠረዥ በስላይድ ይታያል። ጠንካራ ጎኖች ረዘም ብለው፣ ያጋጠሙ ችግሮች አጠር ብለው፣ የተወሰዱ መፍትሔዎች ደግሞ በሁለት መስመር ይነበባሉ። ከሻይ በኋላ ሦስት አራት ሰው እጁን ያወጣል፤ አንዱ ስለ ሰርቪስ፣ አንዱ ስለ አበል፣ አንዱ ስለ ደመወዝ እርከን ይጠይቃል። (ትንሽ ጥያቄ ነው ማለቴ አይደለም። ሰርቪስ ያጣ ሠራተኛ ስለ ራዕይ ሲሰማ ቢውል ምን ይጠቅመዋል?) ከዚያ “ጥያቄያችሁን ወስደነዋል” ይባልና ፎቶ ይነሣል። የእናንተም እንዲህ ነው አልልም፤ ገብቼ አላየሁም። እንዲህ እንዳይሆን ግን አንድ ልመና አለኝ።

የስብሰባው የመጀመሪያ ስላይድ ገቢ አይሁን፤ ቶንም አይሁን። አንድ ፉርጎ ጅቡቲ ዶራሌ ወደብ ተጭኖ፣ እንዶዴ ወይም ሞጆ ተራግፎ፣ ተመልሶ ዶራሌ እስኪጫን ድረስ በአማካይ ስንት ቀን እንደፈጀ ይሁን። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ቀን በጉዞ፣ ስንቱ በመቆም እንዳለፈ ተለይቶ ይታይ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ለምን ገቢ አይቅደም? በብር የተጻፈ ገቢ አሁን ብዙ ስለሚያታልል ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ወራት ሳይቆጠሩ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ በብር የሚነገር የማንኛውም ድርጅት ዕድገት የምንዛሪው ድርሻ ካልተለየለት ስለ ሥራው የሚነግረን ጥቂት ነው። ስለ አፈጻጸም ተጠይቆ በምንዛሪ የሚመልስ ሪፖርት፣ አባትሽ ማን ነው ሲሏት ፈረስ አጎቴ ነው እንዳለችው በቅሎ ይሆናል። ወጪውም እንዲሁ ነው። ብድሩ በዶላር ነው፤ መለዋወጫ ዕቃ የሚገዛው በዶላር ነው። የኤሌክትሪክ ታሪፉም ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በየጊዜው እንዲጨምር ተደርጓል። በአንድ በኩል ያበጠው ገቢ በሌላ በኩል የት እንደገባ ለሠራተኛው ካልተነገረው “ይህን ያህል ገቢ አግኝተን የእኔ ደመወዝ ለምን እዚያው ነው?” ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ቶንስ? ቶን የተሻለ ነው፤ ግን ቶንም የእናንተ ሥራ ውጤት ብቻ አይደለም። ማዳበሪያ በብዛት በገባበት ዓመት ቶን ይጨምራል፤ የስንዴ ግዢ በቀረበት ዓመት ይቀንሳል። ይህንን የሚወስነው ዕቃውን የሚገዛው መንግሥት ነው። የባቡር አሽከርካሪው፣ የጣቢያ ኃላፊውና የስምሪት ሠራተኛው በእጃቸው ያልያዙትን ነገር አሳካችሁ ተብለው ቢጨበጨብላቸው፣ አላሳካችሁም ተብለውም ቢወቀሱ ትርጉም የለውም።

የፉርጎ ምልልስ ግን በእጃቸው ነው፤ ቢያንስ ትልቁ ክፍል። ለምሳሌ ያህል ላስላ፤ ቁጥሩን የምመርጠው እኔ እንጂ ከሪፖርታችሁ የወሰድኩት አይደለም። አንድ ፉርጎ ዶራሌ ደርሶ ለመመለስ 10 ቀን ከፈጀበት በወር 3 ጊዜ ይጭናል። 6 ቀን ከበቃው 5 ጊዜ ይጭናል። ድርጅቱ ሥራ ሲጀምር የያዘው የዕቃ ፉርጎ 1,100 ያህል ነበር። ከ10 ቀን ወደ 6 ቀን መውረድ ማለት በዚያው 1,100 ፉርጎ፣ በፊት ከ1,800 በላይ ፉርጎ ይጠይቅ የነበረውን ሥራ መሥራት ማለት ነው። ከ700 በላይ ፉርጎ ያለ አንድ ዶላር ተገዛ ማለት ነው። የምንዛሪ ወረፋ የለበትም፤ ጨረታ የለበትም። የባቡር ድርጅት ወጪው አብዛኛው ባቡር ሄደም አልሄደም የሚከፈል ነው። ብድሩ ይከፈላል፣ ሐዲዱ ይጠበቃል፣ ሰብስቴሽኑ (የኃይል ማከፋፈያው) ይጠገናል፣ ደመወዝ ይወጣል። ተጨማሪ አንድ ባቡር የሚያስወጣው ወጪ ከሚያስገባው በጣም ያነሰ ነው። ትርፍና ኪሳራ የሚለያዩት እዚያ ላይ ነው።

አሁን ፉርጎው የት እንደሚቆም እንሂድና እንይ።

ጉዞው ራሱ ችግር አይደለም። መስመሩ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ዕቃ ጫኝ ባቡር መንገዱ ከተከፈተለት ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ከባድ መኪና ሁለት ሦስት ቀን ይፈጅበታል። አንድ ባቡር ከ100 በላይ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ሲጎትት አንድ መኪና ከነተሳቢው ሁለት ነው የሚይዘው። በመንገድ ላይ ባቡሩን የሚያሸንፈው የለም። የሚሸነፈው ሲቆም ነው።

ወደቡ ላይ ይቆማል፤ መርከቡ ዘግይቶ፣ ወይም መርከቡ ደርሶ ሰነዱ ዘግይቶ፣ ወይም ኮንቴይነር ማንሻው ለሌላ ሥራ ተይዞ። ድንበሩ፣ ደወሌ ላይ ይቆማል፤ ሁለት አገር፣ ሁለት ጉምሩክ ነውና። ኃይል ሲቋረጥ በረሃው መሐል ይቆማል። ባለ 25 ኪሎ ቮልት መስመር ነው፤ መብራት ሄደ ማለት ለእናንተ ሻማ የሚበራበት ጉዳይ አይደለም። ከብትና ግመል ሐዲድ ላይ ሲገባ ይቆማል፤ ከዚያ ካሳው፣ ሽምግልናው፣ የአካባቢው ሰው ቁጣ ይከተላል። ገመድ ሲቆረጥ፣ የሐዲድ ብሎን ሲፈታ ይቆማል። አዋሽን አልፎ ወደ ላይ ሲመጣ ደግሞ ማራገፊያ ጣቢያ ላይ ይቆማል፤ ባለ ዕቃው መኪና አላቀረበም፣ ወይም መጋዘኑ ሞልቷል፣ ወይም ቀኑ እሑድ ነው። በመጨረሻም ለመመለስ ይቆማል፦ የሚጫን የወጪ ንግድ ዕቃ ይጠብቃል፣ ወይም ባዶውን እንዲሄድ የሚወስን ሰው ይጠብቃል።

ይህቺ የመጨረሻዋ ብዙ አይወራባትም። ከምንልከው ይልቅ የምናስገባው በክብደት እጅግ ይበልጣል። ቡናው፣ ሰሊጡ፣ ጥራጥሬው ተደምሮ የገባውን ያህል ፉርጎ አይሞላም። ስለዚህ ከመልሱ ጉዞ ብዙው ባዶ መሆኑ አይቀርም፤ ለሁለት ኩንታል ቡና ብሎ ፉርጎ ማቆየትም ሞኝነት ነው። ጥያቄው ባዶ ይመለስ ወይስ ይጠብቅ የሚለውን ማን፣ በስንት ሰዓት ውስጥ፣ በምን ስሌት ይወስናል የሚለው ነው። ይህንን ለስብሰባው ብታቀርቡት ከስምሪት ክፍል የሚነሣው ክርክር ከማንኛውም አማካሪ ሪፖርት የበለጠ ያስተምራችኋል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ልመናዬ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መድረኩን መጀመሪያ ለእነሱ ስጡ። ጠዋት፣ ሰው ሳይደክመው፣ ሪፖርቱ ሳይነበብ። ከአዲጋላ የመጣ የሐዲድ ጥበቃ ሠራተኛ፣ ከሚኤሶ የመጣ የጣቢያ ሠራተኛ፣ ከሰብስቴሽን የመጣ የኤሌክትሪክ ቴክኒሻን፣ ከናጋድ የመጣ ጅቡቲያዊ ባልደረባችሁ በየተራ ይነሡና “በእኔ በኩል ፉርጎ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው” ብለው ይናገሩ። ሥራ አመራሩ ይስማ፣ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ሪፖርቱ ይነበብ። ሪፖርቱ ከሰማችሁት ጋር ካልተመሳሰለ እዚያው ይታያል።

እስከ ቅርብ ጊዜ ይህ ዓይነቱ ጉዳይ “ኮንትራክተሩ ያውቃል” ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። መስመሩ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር የማንቀሳቀሱ ሥራ የገነቡት የቻይና ኩባንያዎች ነበር፤ ስድስት ዓመት አስተዳደሩት። ግንቦት 2016 ዓ.ም. ላይ ርክክቡ ተፈጸመና አሽከርካሪውም፣ አስተዳዳሪውም፣ ጠጋኙም እናንተው ሆናችሁ። ይህ የሚያኮራ ነው፤ ሳልሸራርፍ እናገረዋለሁ። ቻይና ድረስ ሄደው የተማሩት ወጣቶች የኤሌክትሪክ ባቡር ከባሕር ጠለል ተነሥተው ሸዋ ደጋ ላይ ሲያወጡ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ግን ርክክቡ ሌላም ነገር አመጣ፦ አሁን ጣት የሚቀሰርበት ሌላ ሰው የለም።

ታሪካችሁን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሠራተኛ በመካከላችሁ ሞልቷል፤ በተለይ ድሬዳዋ ውስጥ አባቱ ወይም አያቱ ባቡር ሠራተኛ ያልነበረ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ቢሆንም አንድ ምዕራፍ ላስታውስ፣ ምክንያቱም ስለ መጪው ጊዜ ስታወሩ ይጠቅማችኋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱ ድሬዳዋ በ1895 ደረሰ። በ1899 ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ከሰረ፤ በሌላ ኩባንያ ተተክቶ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። እኔን የሚያስገርመኝ ግን የሞተበት መንገድ ነው።

አሮጌውን ባቡር የገደለው የሐዲዱ ጥበት ብቻ አይደለም፤ የሶማሊያ ጦርነት ያፈረሳቸው ድልድዮችም ብቻቸውን አይደሉም። አሰብ ወደብ ሲያድግና የአሰብ መንገድ ሲሠራ ጭነቱ ወደ መኪና ሄደ። ባቡሩ ጭነት ሲያጣ ገቢ አጣ፣ ገቢ ሲያጣ ጥገና አጣ፣ ጥገና ሲያጣ ዘገየ፣ ሲዘገይ የቀረውም ጭነት ሄደ። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ አሰብ ሲዘጋ የአገሪቱ ጭነት በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ ዞረ። በታሪኩ ትልቁ ዕድል ነበር። ባቡሩ ግን በዚያን ጊዜ ሊሸከመው አልቻለም። ጭነቱን የወሰዱት መኪኖች ናቸው፤ እስከ ዛሬም አብዛኛውን ይዘውታል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አሮጌው ባቡር ለገሃር መድረሱን አቆመ።

ስለዚህ መጪውን ጊዜ ስታስቡ “ሌላ አማራጭ የለም፣ ጭነቱ ወደ እኛ ይመጣል” የሚል ሰው ከተነሣ አትመኑት። ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ በሐዲዳችሁ ጎን የክፍያ አስፋልት ተዘርግቷል። ከአዳማ ወደ አዋሽም የፍጥነት መንገድ ግንባታ ተጀምሯል። መንገድ መሠራቱን የምቃወም አይደለሁም፤ ራሴም እሄድበታለሁ። ግን ጭነት ታማኝነት የለውም። ነጋዴ ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) ሲቆጥርበት ታሪፉ ርካሽ ወደሆነው ሳይሆን ቀኑን ወደሚያውቅበት ነው የሚሄደው። “ባቡሩ ርካሽ ነው፣ ግን መቼ እንደሚደርስ አላውቅም” የሚል ባለ ዕቃ ለእናንተ የጠፋ ደንበኛ ነው። ነዳጅ አሁንም በአብዛኛው በቦቴ የሚመላለሰው ለምንድን ነው? ማዳበሪያ በዘር ወቅት ሲጣደፍ ባቡሩ የመጀመሪያው ምርጫ እንዲሆን ምን ይጎድላል? ለመልሱ የሚመለከተው ሰው በስሙ ተጠርቶ አዳራሹ ውስጥ ይናገር።

የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ መስመር የእናንተ ድርጅት ንብረት አይደለም፤ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ተዘርግቶለት ሥራ ሳይጀምር ቆሟል፤ በሰሜኑ ጦርነትም ተጎድቷል። አንድ ቀን ሲነሣ አዋሽ ላይ የሚገጥመው ከእናንተ ጋር ነው። የራሳችሁን ፉርጎ በቅጡ ማመላለስ ካልቻላችሁ የሌላ መስመር ጭነት ሲጨመር ምን ይሆናል? የዕቅድ ሰነዳችሁ ይህንን ቢያነሣ ደስ ይለኛል።

ስለ መንገደኛ አገልግሎት ብዙ አልልም። ሰው ይወደዋል፣ ገንዘብ አያመጣም፣ ጣቢያዎቹ ከከተማው ርቀዋል። ለቡ ለመድረስ የሚከፈለው የታክሲ ሒሳብ አንዳንዴ ከጉዞው በላይ ያስመርራል። ይህ በስብሰባ የሚፈታ አይደለም፤ ከከተማ አስተዳደሮች ጋር አውቶቡስ ማገናኘት ይበቃል።

አንድ ፍርሃቴን ግን ልሰውር አልችልም። ቁጥር አውጥታችሁ “ቀኑን አሳንሱ” ስትሉ አንዳንድ ሰው ቀኑን የሚያሳንሰው በወረቀት ነው፤ የቆመውን ፉርጎ “በጥገና ላይ” ብሎ ከሒሳቡ ያወጣዋል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ፍጥነት ጨምሮ፣ ፍተሻ ዘሎ ቀን የሚያሳንሰው ነው። ጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ፉርጎዎቹ ገደል ሲወድቁ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። ከአፍሪካ አስከፊ የባቡር አደጋዎች አንዱ ነው፤ የደረሰውም በእኛው አሮጌ መስመር ላይ ነው። ስለዚህ ከፉርጎው ቁጥር ጎን የደህንነት ቁጥር ይቀመጥ፤ ሁለተኛው ከተበላሸ የመጀመሪያው ምንም ያህል ቢያምር ማበረታቻ አይከፈልበት። ከጉዞው ሰዓት ቅንጣት ታህል አትንኩ። የሚቀነሰው የመቆሚያው ሰዓት ነው።

ማበረታቻ ካልኩ አይቀር፣ ዓመታዊ ጉርሻ የምትሰጡ ከሆነ ከቶን ጋር ሳይሆን ከምልልስ ጋር አያይዙት። ለዋናው መሥሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን ለየጣቢያው ይሁን። የሐዲድ ጥበቃ ላይ ያሉ የአካባቢ ነዋሪዎችም ድርሻ ይኑራቸው፤ ብሎን ተፈትቶ ባቡር ባልቆመበት ወር ቀበሌው ለውኃ ጉድጓድ ይሁን ለክሊኒክ የሚውል ነገር ቢያገኝ፣ ከጥበቃ ካምፕ ይልቅ ይሠራል ብዬ እገምታለሁ። ግምቴ ነው፤ የሚያውቁት እዚያው የሚኖሩት ናቸው።

ስለ ብድሩም ለሠራተኛው በግልጽ ንገሩት። የመክፈያው ጊዜ ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት መራዘሙን መንግሥት በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ነግሮናል። ከዚያ ወዲህ ስንቱ በድርጅቱ፣ ስንቱ በመንግሥት ይከፈላል? ሠራተኛው ይህንን ማወቅ ያለበት እንዲጨነቅ አይደለም። አንድ ቀን የቆመ ፉርጎ ስንት ዶላር እንደሚያስከፍል ቢያውቅ፣ እሑድ ቀን ማራገፊያው ለምን ክፍት መሆን እንዳለበት ማንም ሊሰብከው አያስፈልግም።

በመጨረሻ የምጠይቀው ይህ ነው። ከስብሰባው በኋላ ያ አንድ ቁጥር፣ አማካይ የፉርጎ ምልልስ፣ በየወሩ ለሕዝብ ይውጣ። በእንዶዴ፣ በሞጆ፣ በድሬዳዋና በደወሌ ጣቢያዎች ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የቆመበት ምክንያትም ከነባለቤቱ ተዘርዝሮ ይጻፍ፦ ኃይል ይህን ያህል ሰዓት፣ ጉምሩክ ይህን ያህል፣ ወደብ ይህን ያህል፣ ባለ ዕቃ ይህን ያህል። እኛ ትራንዚተሮች በሰነድ ያቆየነውም ሳይታለፍ በራሱ መስመር ይቀመጥ።

ከአክብሮት ጋር፣
ዕቃ በሐዲዳችሁ የሚያመላልስ አንድ ትራንዚተር
ድሬዳዋ